የአያታችን የበኩር ልጅ

አስከሬኑ የተገኘው ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቢያንስ በመዝገቡ ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነበር።

ኢንስፔክተር ንጋ ሆን ማይ ደሴት ደርሳ ከጀልባ ስትወርድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ተወልዳ ያደገችው በዋናው ምድር በሩዝ ማሳ መካከል ስለሆነ ባሕር አይስማማትም፤ መንገዱን ሁሉ ስታስመልስ ነበር የመጣችው። የደሴቱ ብቸኛ ፖሊስ ሳጅን ታክ አናቱ የተቆረጠ ኮኮናት ከነውሃው ይዞ ጠበቃት።

«ጠጪ፣ እህቴ። ፊትሽ ቅጠል መስሏል።»

«ሟቹ የት ነው?»

«የትኛው?» አለ ታክ።

ንጋ ቀና ብላ አየችው። «ስንት ሟች ነው ያለው?»

«ሁለት። አንዱ ሰው ነው። አንዱ አያታችን ናቸው።»

ጥቁር አለት በሚባለው የባሕር ዳርቻ ሕዝቡ ተሰብስቧል። መካከል ላይ ሦስት ሜትር ተኩል የሚሆን ዓሣ ነባሪ ቀይ ጨርቅ ለብሶ ተጋድሟል። የሆን ማይ ዓሣ አጥማጅ ይህን ፍጡር በስሙ አይጠራውም፤ «አያታችን» ነው የሚለው። ጀልባ ሲገለበጥ ሰውን በጀርባው ተሸክሞ ወደ ምድር ያወጣል ተብሎ ስለሚታመን ሲሞት እንደ ሰው ይለቀስለታል፣ እንደ ሰው ይቀበራል። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ወንዶቹ ከበሮ ተሸክመው ይመጣሉ።

ከዚያ ሠላሳ እርምጃ ዝቅ ብሎ፣ ውሃው ዳር፣ በሰሌን የተሸፈነ ሌላ አስከሬን አለ። አጠገቡ የተቀመጡት አንዲት ሴት ብቻ ናቸው።

ሟቹ አቶ ቪን ይባላሉ። የስድሳ አንድ ዓመት ጡረተኛ መምህር ናቸው። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሎዋን ጋር ለአስር ቀን ዕረፍት መጥተው ስድስተኛ ቀናቸው ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በግማሽ ገጽ ወረቀት የጻፈችውን ንጋ አነበበች። ማጅራታቸውን አንድ ጊዜ ተመትተዋል። የመታቸው ጠርዝ ያለው እንጨት እንጂ ድንጋይ አይመስልም። ውሃ ሲመላለስባቸው ስለቆየ የሞቱበትን ሰዓት በትክክል ማወቅ አይቻልም፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ አስራ ሁለት ባለው ውስጥ ነው። በእጃቸው አጠገብ ባትሪ ተገኝቷል፤ ድንጋዩ አልቋል።

«ያገኛቸው ማን ነው?»

ታክ በአገጩ ወደ ዓሣ ነባሪው አመለከተ። «አባ ባይ። ሁለቱንም።»

አባ ባይ የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ የአያታችንን ቤተ መቅደስ የሚጠርጉ። ራሳቸው ላይ ነጭ የሐዘን ሻሽ አስረው በዓሣ ነባሪው ራስጌ ተቀምጠዋል። ከጆሮው ቀዳዳ የሚወርደውን ደም በጨርቅ ይጠርጋሉ።

«ያየሁትን ልንገርሽ ልጄ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ በዚህ በኩል ወደ ቤተ መቅደሱ ሳልፍ ዳርቻው ባዶ ነበር። ምንም የለም። አስራ ሁለት ላይ ስመለስ አያታችን እዚህ፣ ሰውየው እዚያ። ይኸው ነው።»

«አስራ አንድ ላይ ምንም እንዳልነበር እርግጠኛ ነዎት?»

«ዕውር አይደለሁም።»

«ደሙ ምንድን ነው?»

«መርከብ ገጭቷቸው ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ፤ እኔ የበኩር ልጅ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁ።» ይህን ሲሉ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

ታክ ወደ ንጋ ጆሮ ጠጋ አለ። «አያታችንን መጀመሪያ ያየ ሰው የበኩር ልጃቸው ይሆናል። ሦስት ዓመት ሐዘን ይቀመጣል። አባ ባይ ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ አልወለዱም። በሰባ ስድስት ዓመታቸው አባት አገኙ።»

ንጋ በማስታወሻዋ ላይ «ከ11 እስከ 12» ብላ ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረች።

*

ወይዘሮ ሎዋን ያረፉበት ቤት ከዳርቻው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ስድስት ክፍሎችና በኮኮናት ዛፎች መካከል የተሰቀሉ የገመድ አልጋዎች አሉት። ክፍል ሦስት ውስጥ ሁሉም ነገር በቦታው ነው፤ ሁለት ኮፍያ፣ ሁለት የዋና ልብስ፣ ለልጅ ልጅ የተገዛ የዛጎል ሐብል። መስኮቱ ላይ ግን ንጋን ግራ ያጋባ ነገር ተደርድሯል። ሰባት የዓሣ አከርካሪ አጥንቶች፣ ታጥበው፣ በወረቀት ላይ ደርቀው። ከእያንዳንዳቸው ሥር በጥሩ የመምህር እጅ ቀን ተጽፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእሱ ነው» አሉ ወይዘሮ ሎዋን። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «የመጣነው ምንም ላለመሥራት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ስናስተምር አንድ ቀን ባሕር አይተን አናውቅም። እኔ ወዲያው ለመድኩት፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። እሱ ግን ሥራ መፍታት አያውቅበትም። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ የበላነውን ዓሣ አጥንት ይሰበስብ ጀመር። ‹ሎዋን፣ ነገሩ አልገባኝም፣ አልገባኝም› ይላል። እኔ ደግሞ ምኑ እንዳልገባው አልገባኝም።»

«ዛሬ ስንት ሰዓት ወጡ?»

«ሰዓት አላየሁም። ጨለማ ነበር። ‹ወዴት ነው?› አልኩት። ‹እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ባሕሩን ላይ› አለኝ። ባትሪውን ይዞ ወጣ። እኔ ተመልሼ ተኛሁ።»

«ከአስራ አንድ በፊት ነው በኋላ?»

«ጨለማ ነበር አልኩሽ፣ ልጄ።»

«ከአስራ አንድ በኋላ መሆን አለበት። ያኔ ደግሞ ሰማዩ ገርጥቷል።»

ወይዘሮ ሎዋን ግራ በመጋባት አዩዋት። «እንግዲህ እኔ ተሳስቼ ይሆናል» አሉ። ከዚያ ቆየት ብለው፣ «ግን ጨለማ ነበር» አሉ።

*

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ካንግ ክብ ፊት ያለው፣ ሳቅ የማይጠፋው የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነው። ምሳ አቀረበላቸው፤ ሩዝ፣ የዓሣ ስጎ፣ በቲማቲም የተሠራ ዓሣ።

«ብሉ፣ ብሉ። ዛሬ ያቀረብኩት ትናንት ጠዋት የተያዘ ነው። ሳጅን፣ አንተ ደግሞ በነፃ ስለሆነ ነው እንደዚህ የምትጎርሰው?»

«በገንዘቤ ብበላ ኖሮ ትንሽ ጨው እጠይቅህ ነበር» አለ ታክ።

ንጋ በመብሊያ እንጨቷ ዓሣውን ስታነሳው ፈረሰባት። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ፈረሰ። ትታው ሩዙን ብቻ በላች።

«ንጋት ላይ የት ነበርክ?»

«ከአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ጀምሮ ጀልባ ማቆሚያው ላይ። ለዓሣ ማቆያ በረዶ የሚያመጣው ጀልባ የሚገባው ያኔ ነው። ከአስራ አራት ሰው ጋር በረዶ ሳወርድ ነጋልኝ። ጠይቂያቸው። እጄ እስካሁን አልሞቀም።» ካንግ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መናገር አልፈልግም ነበር። ሰዎቹ ጥሩ እንግዶቼ ናቸው። ግን ትናንት ማታ ተጣልተዋል። ወይዘሮዋ ‹እንግዲያው ከአጥንትህ ጋር ኑር!› ብለው ሲጮኹ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።»

ንጋ ተመልሳ ስትጠይቃቸው ወይዘሮ ሎዋን አልካዱም። «ብያለሁ» አሉ። «አብረን ቁጭ ብለን ፀሐይ ስትጠልቅ እንድናይ ፈልጌ ነበር። እሱ ደግሞ አጥንት ያጥባል።» ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ከሰዓት በኋላ ታክ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። ከጥቁር አለት ወዲያ የሚኖረው ዓሣ አጥማጁ ሳው ሌሊቱን ከቤቴ አልወጣሁም ብሏል። ጎረቤቱ ግን ጀልባው ስትገባ ሰምቷታል፤ አስር ሰዓት ተኩል ግድም።

ሄደው አነጋገሩት። ሳው በእድሜ ሃምሳ የሚሆን፣ ከንፈሩ በፀሐይ የተሰነጠቀ ሰው ነው። በሩ ላይ ቀይ የሰርግ ወረቀት ተለጥፏል። ልጁ ሉዋ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ታገባለች። ግቢው ውስጥ የዳስ ቋሚዎች ተተክለዋል።

«ጋሽ ሳው፣ ሌሊት የት ነበሩ?»

«ቤቴ።»

«ጀልባዎ ስትገባ የሰማ ሰው አለ።»

«ነፋስ ይሆናል።»

«ነፋስ መልሕቅ ይጥላል እንዴ?» አለ ታክ።

ሳው መረቡን መጠገኑን ቀጠለ፤ እጁ ግን አንዱን ቀዳዳ ሦስት ጊዜ ቋጠረ። ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ ባሏን አየችውና ተመልሳ ገባች። ውሸት መሆኑን ንጋ አላጣችውም። ግን ለምን? አቶ ቪንን አያውቃቸውም። አንድ ጊዜ እንኳ አላነጋገራቸውም። ደግሞስ የጀልባዋ ድምፅ የተሰማው አስር ተኩል ላይ ነው፤ በአባ ባይ ቃል ግን እስከ አስራ አንድ ዳርቻው ባዶ ነበር።

አመሻሹ ላይ አለቃዋ ስልክ ደወለ።

«ባልና ሚስት፣ ጠብ፣ ውሸት የሆነ ሰዓት። ሌሎቹ በሙሉ ከአስራ አንድ እስከ አስራ ሁለት የት እንደነበሩ ታውቋል አይደል?»

«ከሳው በስተቀር አዎ። ግን ጌታዬ፣ የሆነ ነገር አይገጥምም።»

«የሚገጥመውን እኛ እዚህ እንገጥመዋለን። ነገ በዘጠኝ ሰዓቱ ጀልባ ሴትየዋን ይዘሻት ነይ። በካቴና።»

ንጋ የጻፈችውን ወረቀት ደጋግማ አነበበች። ጨለማ። ብርሃን። ባትሪ። ሰባት አጥንት። ነገሩ ውሉ የጠፋ ክር ሆነባት፤ የያዘችውን ጫፍ ስትስብ ሌላው ይተበተባል።

*

በማግሥቱ ማለዳ ብቻዋን ወደ ጥቁር አለት ሄደች። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ዓሣ ነባሪው አሁንም እዚያው ነው። አባ ባይ አጠገቡ ቁጭ እንዳሉ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ንጋ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ውሃው ራቅ ብሎ ይመላለሳል። ለሩብ ሰዓት ያህል ምንም ሳታስብ አየችው።

ታክ የተጠቀለለ ሩዝ ይዞላት ሲመጣ፣ «ባሕሩ እዚህ ድረስ ይመጣል?» አለችው።

«የት?»

«እዚህ። አያታችን የተኙበት።»

«ሲሞላማ ይደርሳል። ትናንት የሞላው ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ መሸሽ ይጀምራል። አስራ አንድ ላይ እዚያ ወዲያ ከአለቱ በታች ነው።»

«ታዲያ አስራ አንድ ላይ እዚህ ካልነበሩ፣ አስራ ሁለት ላይ እንዴት እዚህ ተገኙ? በእግራቸው መጡ?»

ታክ የያዘውን ሩዝ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ዓሣ ነባሪውን አየ፣ ባሕሩን አየ፣ አባ ባይን አየ። «እውነትሽን ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አባ ባይ ዋሽተዋል። ለምን ይዋሻሉ? ማንን ነው የሚሸፍኑት?»

ታክ ጆሮው ድረስ ቀላ። «እህቴ፣ እኔ ትናንት ልነግርሽ ይገባ ነበር። ግን አልጠየቅሽኝም፤ እዚህ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ስለሆነ መነገር ያለበት አልመሰለኝም። የበኩር ልጅ የሆነ ሰው ሐዘንተኛ ነው። ሐዘንተኛ ቤት ደግሞ ሦስት ዓመት ሰርግ አይደገስም።»

ንጋ ተነሳች። የዳስ ቋሚዎቹ ዓይኗ ላይ መጡ።

*

ሳው መረቡ አጠገብ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ሉዋ ውስጥ ተቀምጣ ቀይ ወረቀት ትቆርጣለች።

«ጋሽ ሳው» አለች ንጋ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «አያታችንን መጀመሪያ ያዩት እርስዎ ነዎት። አባ ባይን ለምነው በእርስዎ ፈንታ እንዲያዩ አደረጉ። ሌላ ሰው ቀድሞ አየ እንዳይባል ደግሞ አስራ አንድ ላይ ዳርቻው ባዶ ነበር አሉ።»

ሳው አላያትም። «ለዚህ ነው ከዋናው ምድር የመጣሽው?»

«ለዚህ አይደለም። ግን በዚህ ውሸት የተነሳ አቶ ቪን የሞቱት ከአስራ አንድ በኋላ ነው ብለን ሁላችንም ተሳስተናል። ሚስታቸው ጨለማ ነበር ሲሉ ያመናቸው የለም።»

«ሴትየዋን ልትወስጃት ነው?»

«ዛሬ። በዘጠኝ ሰዓት።»

 ውስጥ የመቀስ ድምፅ ቆመ።

«አባዬ» አለች ሉዋ ከውስጥ። ሌላ አልጨመረችም።

«የሙሽራው ቤተሰቦች ሦስት ዓመት አይጠብቁም» አለ ሳው፣ ለማን እንደሚናገር በማይታወቅ ሁኔታ። ከዚያ መረቡን አስቀመጠ። «ጻፊ። አስር ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባዬን አስሬ በዳርቻው በኩል ስሄድ እግሬ ነካቸው። አለት መስሎኝ ነበር። እጄን ብሰድድ… አወቅኋቸው። ተንበርክኬ መሬት ሳምኩ። ቀና ስል ውሃው ውስጥ ብርሃን አየሁ።»

«ምን ዓይነት ብርሃን?»

«ከውሃው ሥር። የሚንቀሳቀስ ሰው የለም፣ ድምፅ የለም፤ ውሃው ውስጥ ብርሃን ብቻ። መንፈስ ነው ብዬ ሮጥኩ። ሰውየውን አላየሁትም፣ በልጄ እምላለሁ። ብርሃኑን ብቻ።»

ንጋ እስክሪብቶዋን አቆመች። ባትሪው። አስር ሰዓት ተኩል ላይ ባትሪው እየበራ ውሃ ውስጥ ወድቆ ነበር። ያኔ አቶ ቪን ሞተዋል።

ሳው ፈረመ። ፊደሉን ቀስ ብሎ እያንዳንዱን ለየብቻ ጻፈው። ሉዋ ወጥታ ከአጠገቡ ቆመችና የተቆረጠውን ቀይ ወረቀት አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

*

«አሁን ማንም እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ድረስ የት እንደነበረ አያስፈልገኝም» አለች ንጋ በመንገድ ላይ። «ከአስር ተኩል በፊት ነው ጥያቄው። ያኔ ሁሉም ‹ተኝቼ ነበር› ነው የሚለው። በረዶ አውራጆቹም ጭምር።»

«ደሴቱ ሙሉ ተጠርጣሪ ሆነ በይኛ።»

ወደ ዓሣ ነባሪው ተመለሱ። ንጋ ቀዩን ጨርቅ ከጅራቱ ላይ ገለጥ አደረገች። አባ ባይ ነቅተው ሊከለክሏት እጃቸውን አነሱ፤ ከዚያ እሳቸውም ያየችውን አዩ። በጅራቱ ዙሪያ ቆዳው ተፍቋል። በቁስሉ ውስጥ የሰማያዊ ገመድ ክሮች ተጣብቀዋል።

«ጎትቶ ያመጣቸው ሰው አለ» አለች።

ወደ ክፍል ሦስት ስትገባ ወይዘሮ ሎዋን የባላቸውን ልብስ እያጣጠፉ ነበር። ንጋ ከመስኮቱ ላይ አንዱን አጥንት አነሳች። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሰባቱም አንድ ቦታ ላይ ተሰብረዋል።

«አቶ ቪን ስለ ዓሣ ያውቁ ነበር?»

«ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ኩሬ ነበረን። ዓሣ ያረባ ነበር። ‹በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ወገቡ አይሰበርም፣ ሥጋውም እንደዚህ አይፈርስም› ይለኝ ነበር። እኔ ምሳዬን እየበላሁ።»

ንጋ በሩ ላይ ወደ ቆመው ታክ ዞረች። «የዓሣን ወገብ ከውስጥ የሚሰብር፣ የአያታችንን ጆሮ የሚያደማ ምንድን ነው?»

ታክ ፊቱ ተለወጠ። «ፈንጂ» አለ። «ውሃ ውስጥ ሲጥሉት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንሳፈፋል። እዚህ እንዲህ የሚያደርግ የለም፣ እህቴ። አያታችን ያሉበት ባሕር ነው።»

«በየቀኑ ሲያበላን የነበረው ማን ነው ታዲያ?»

*

የካንግ ጀልባ ከማረፊያው ጀርባ፣ ውሃ ውስጥ ከሚበቅሉት የማንግሮቭ ዛፎች ሥር ታስራለች። ሰማያዊ ገመዷ ታጥቧል፤ ጫፉ ላይ ግን የደረቀ ጥቁር ቆዳ ነገር ቀርቷል። ከወለሏ ሳንቃ ሥር ታክ በማዳበሪያ የተሞሉ አምስት ጠርሙሶችና የፈንጂ ክር አወጣ። ከሁለቱ መቅዘፊያዎች አንዱ ትኩስ ቀለም ተቀብቷል።

ካንግ ሻይ ይዞ መጥቶ ከኋላቸው ቆመ። ጠርሙሶቹን ሲያይ ሳቁ በፊቱ ላይ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ።

«ሁሉም ሰው መጥቶ ለአያታችን ሰገደ» አለች ንጋ። «አንተን ግን እዚያ አላየሁህም።»

«እንግዶች ነበሩኝ።»

«የበረዶ ጀልባው አስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ አግኝቶሃል። ከዚያ በፊትስ?»

ካንግ ትሪውን ሳንቃው ላይ አስቀመጠ። 

«አንድ ነገር ብቻ ነው ያልገባኝ» አለች ንጋ። እውነትም አልገባትም ነበር። «ፈንጂውን ስትጥል መሞታቸውን አየህ። ጨለማ ነው፣ ብቻህን ነህ። ትተሃቸው ብትመጣ ማንም አያውቅም። ማንም ዳርቻው ላይ አያይህም። አቶ ቪንም ዛሬ ቁርስ ይበሉ ነበር። ለምን ጎትተህ አመጣሃቸው?»

ካንግ ለመጀመሪያ ጊዜ በንዴት አያት። «አንቺ የሩዝ አገር ሰው ነሽ» አለ። «አያት ባሕር ላይ ይጣላል? እንደ ውሻ?»

ከዚያ የሆነው ሁሉ ካፉ ራሱ ወጣ። አስር ሰዓት ላይ፣ ውሃው ሞልቶ ሳለ፣ ጎትቶ አሸዋው ላይ አወጣው። ገመዱን እየፈታ ሳለ ከኋላው ብርሃን በራበት።

«መምህሩ ነበር። ባትሪውን ጠርሙሶቹ ላይ አበራ፣ አያታችን ላይ አበራ። ከዚያ ‹አሃ፣ አሁን ገባኝ› አለኝ። ተቆጥቶ እንኳ አይደለም። ደስ ብሎት። እንደ ተማሪ።» ካንግ ሁለት እጁን ተመለከተ። «ለመንኩት። እዚህ ሰው ቢያውቅ ለልጅ ልጆቼ እንኳ ውሃ የሚሰጥ የለም አልኩት። ‹ሎዋንን ልቀስቅሳት፣ ልንገራት› ብሎ ዞረ። መቅዘፊያው እጄ ላይ ነበር፤ ከዚያ ከነባትሪው ወደ ውሃው ጎተትኩት።»

*

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ጀልባ ማቆሚያው ላይ ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። የአቶ ቪን ሣጥን አስቀድሞ ተጭኗል። ወይዘሮ ሎዋን ነጭ ሻሽ አስረው፣ ያለ ካቴና፣ መወጣጫው አጠገብ ቆመዋል። ሁለቱ ኮፍያዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው እጃቸው ላይ ናቸው።

ሳው ከሕዝቡ ፊት ወጥቶ በአባ ባይ ፊት አጎነበሰ። ራሱን ለሻሹ አዘጋጅቶ ነበር። «ዋሸሁ፣ አባ። የበኩር ልጁ እኔ ነኝ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው።

አባ ባይ አላሰሩለትም። አሻግረው በታክ እጅ የተያዘውን ካንግን ያያሉ።

«አንተም አይደለህም» አሉ። «እኔም አይደለሁም። ጎትቶ ካመጣቸው፣ መጀመሪያ ያያቸው እሱ ነው።»

ሰዉ አጉተመተመ። ሳው ቀና ብሎ ወደ ኋላ ዞረ፤ ሉዋ እናቷን ይዛ ቆማለች። ሰርጉ ሊቀጥል እንደሚችል ንጋ እስከዚያች ቅጽበት አላሰበችውም ነበር።

ካንግ በካቴና የታሰሩ እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋ። «አባ» አለ። «ሻሹን ስጡኝ። ሌላ አልለምንም።»

«የገደለ ሰው ሐዘን ይቀመጣል?» አለ አንዱ ከኋላ።

«የበኩር ልጅ ግን ነው» አለች አንዲት ሴት። ለእንዲህ ያለው ደንቡን የሚያውቅ አልነበረም።

አባ ባይ ሻሻቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። አንድ ቀን ተኩል ነበር ያሰሩት። በመጨረሻ ቀስ ብለው ፈቱት፣ በአራት አጠፉትና ለወይዘሮ ሎዋን አቀበሏቸው።

«እናቴ፣ እርስዎ ይፍረዱ።»

ወይዘሮ ሎዋን ጨርቁን ተቀብለው ወደ ካንግ ቀረቡ። ካንግ ራሱን ዝቅ አደረገላቸው። ለስድስት ቀን ምሳና እራት ያቀረበላቸውን ሰው ራስ ትኩር ብለው አዩ።

«ለየትኛው ነው የምታስረው?» አሉት።

ካንግ አፉን ከፈተ። የጀልባው ጥሩምባ አንድ ጊዜ ነፋ፣ ሁለተኛ ነፋ። ወይዘሮ ሎዋን ጠበቁት።  ሻሹን መልሰው በአባ ባይ እጅ ላይ አኖሩትና ገብተው ከሣጥኑ አጠገብ ተቀመጡ።

ንጋ ጀልባው ሲንቀሳቀስ ብረቱን ጨብጣ ወደ ዳርቻው ተመለከተች። ከሳው ግቢ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፤ ዳሱን እየሠሩ ነው። ጀልባው በግቢው ፊት ሲያልፍ ድምፁ ቆመ። ካለፈ በኋላ ቀጠለ።